ሃሪኬን ወደ ደሴታችሁ ሲመጣ መንገዱን በየስድስት ሰዓቱ የመከታተያ መመሪያ

ብዙ ሰው ሃሪኬን መከታተል ማለት ስልክ ላይ ካርታ ከፍቶ መሃል ላይ ያለችውን መስመር ማየት ይመስለዋል። መስመሯ ደሴቱን ከነካች ይደነግጣል። በሚቀጥለው መግለጫ ትንሽ ወደ ሰሜን ፈቀቅ ካለች «ተረፍን» ብሎ ይቀመጣል። በሦስተኛው መግለጫ ተመልሳ ስትመጣ ሱቁ ተዘግቷል፣ የመጨረሻው አውሮፕላን ሄዷል፣ ነፋሱም ጀምሯል።

ይህ መመሪያ ከባርባዶስ እስከ ፖርቶ ሪኮ ባሉት የምሥራቅ ካሪቢያን ደሴቶች ላይ ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለእረፍት ላላችሁ ነው። ዘመድ እዚያ ኖሯችሁ አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ሆናችሁ የምትጨነቁም ትጠቀሙበታላችሁ። ዋናው ሥራ አንድ ነው። መጥፎው ነፋስ እናንተ ጋ የሚደርስበትን ሰዓት ማግኘት፣ ከዚያም አዲስ መግለጫ በወጣ ቁጥር እንደገና ማስላት። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ተዘጋጁ

የአትላንቲክ የሃሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። የሚበረታው ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው። ግን ኦገስትን አትጠብቁ። በ2024 ቤሪል የሚባለው ሃሪኬን የግሬናዳን ካሪያኩ ደሴት ከአምስቱ የጥንካሬ ምድቦች በአራተኛው፣ በምድብ 4፣ የመታው ገና ጁላይ 1 ላይ ነበር።

እነዚህን አዘጋጁ፦

1. የኬክሮስና የኬንትሮስ መስመር ያለው የካሪቢያን የወረቀት ካርታ፣ እርሳስና ማስመሪያ። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፤ ወረቀት አይጨርስም።
2. የቤታችሁ አድራሻ በዲግሪ። ከስልካችሁ ካርታ ላይ ቀድታችሁ ካርታው ጥግ ላይ በትልቁ ጻፉት።
3. በባትሪ ወይም በእጅ ማዞሪያ የሚሠራ ሬዲዮ። የደሴቱ የአደጋ ጊዜ ጣቢያ የትኛው እንደሆነ ዛሬውኑ ጎረቤት ጠይቁ።
4. የአየር ግፊት መለኪያ፣ ማለትም ባሮሜትር። ርካሹም ይበቃል። አንዳንድ ስልኮች ውስጣቸው አላቸው። ንባቡን በአቅራቢያችሁ ካለው አየር ማረፊያ ንባብ ጋር አስተካክሉት።
5. ለዚህ ብቻ የተለየ ደብተር።

ቀጥሎ ምንጮቻችሁን ለዩ። የማዕበሉን መሃል (ማዕከል) መንገድ የሚተነብየው ማያሚ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል ነው። ደሴታችሁ ላይ ምን አድርጉ የሚለውን ግን የምትሰሙት ከአካባቢው መሥሪያ ቤት ነው። የአንቲጓና ባርቡዳ ሜትዎሮሎጂ አገልግሎት ለአንጉዊላ፣ ለሞንትሰራት፣ ለሴንት ኪትስና ኔቪስ እንዲሁም ለብሪታንያ ቨርጂን ደሴቶችም ይተነብያል። ፖርቶ ሪኮና የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች የሳን ሁዋንን ቢሮ ይከተላሉ። ጓዴሎፕ፣ ማርቲኒክ፣ ሴንት ባርትና የሴንት ማርቲን ሰሜናዊ ግማሽ የፈረንሳይን ሜትዎሮሎጂ ይከተላሉ። እነሱ የሚጠቀሙት ቀለም ነው፤ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ከዚያ ግራጫ። ሐምራዊ ከሆነ ማንም ከቤት አይወጣም። ግራጫ ማለት ማዕበሉ ቢያልፍም አደጋው አላለፈም ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱን አስተካክሉ

ይህ ቀላል ይመስላል። የእኛ ሰው ግን በተለይ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የማያሚው ማዕከል ዋና መግለጫ በየስድስት ሰዓቱ ይወጣል። በምሥራቅ ካሪቢያን ሰዓት ንጋት 5፣ ረፋድ 11፣ አመሻሽ 5 እና ማታ 11 ላይ ነው፤ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር። ማስጠንቀቂያ ከወጣ በኋላ መሃል መሃል ላይ፣ 2 እና 8 ላይ፣ አጭር መግለጫ ይጨመራል።

አሁን ወጥመዱን ተመልከቱ። በፈረንጅ ረፋድ 11 ማለት በእኛ 5 ሰዓት ነው። በፈረንጅ ንጋት 5 ደግሞ በእኛ 11 ሰዓት ነው። አንዱ «በ5 ሰዓት ይወጣል» ብሎ ሲደውል ሌላው በራሱ አቆጣጠር ከሰማው ስድስት ሰዓት ይስታል፤ አንድ ሙሉ መግለጫ አመለጠው ማለት ነው። ስለዚህ ስለ ማዕበሉ ስትነጋገሩ በፈረንጅ ሰዓት ብቻ እንደምትጠቀሙ ከቤተሰብ ጋር ተስማሙ፤ «ንጋት» ወይም «አመሻሽ» የሚለውንም ሁልጊዜ ጨምሩ።

አዲስ አበባ ላላችሁ ግን ነገሩ ይቀልላል። መግለጫዎቹ በእናንተ አቆጣጠር ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12 እና ሌሊት 6 ላይ ይወጣሉ። ጃማይካ ያለ ዘመድ ካላችሁ የእሱ ሰዓት ከምሥራቅ ካሪቢያን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው።

ደረጃ 3፦ ገና ስም ሳይወጣለት እዩት

በወቅቱ በየቀኑ አንድ ጊዜ የማያሚውን ማዕከል የሰባት ቀን ካርታ ክፈቱ። ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ጥላዎች ታያላችሁ። ቀለሙ የሚናገረው ማዕበል የመፈጠሩን ዕድል ነው። ጥላው ደግሞ ሊፈጠር የሚችልበት ቦታ ነው እንጂ የሚመታው ቦታ አይደለም።

ከኃይለኞቹ የአትላንቲክ ሃሪኬኖች አብዛኞቹ የሚነሱት ከአፍሪካ ወደ ምዕራብ ከሚጓዝ የአየር ሞገድ ነው። ከሞገዶቹ አንዳንዶቹ መነሻቸው የእኛው የኢትዮጵያ ደጋ አካባቢ ድረስ ይሄዳል፤ ሳህልን አቋርጠው ነው ባሕር የሚገቡት። ለእናንተ የሚጠቅማችሁ ቁም ነገር ግን ከአፍሪካ ጠረፍ ወጥቶ ደሴቶቹ ጋ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ሳምንት ገደማ የሚፈጅ መሆኑ ነው። ያ ሳምንት የመዘጋጃ ጊዜያችሁ ነው።

አትሳሳቱ፦ በዚህ ጊዜ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚዞረውን ባለብዙ ቀለም የመስመር ካርታ አትመኑ። የማዕበሉ መሃል ገና በደንብ ስላልተሠራ የኮምፒውተር ትንበያ ሞዴሎቹ ከየት እንደሚጀምሩ እንኳ አያውቁም። ከአሥር ቀን በኋላ ደሴታችሁ ላይ ቀይ ክብ የሚያሳይ ምስል ከመጣላችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት።

ደረጃ 4፦ መግለጫውን በዚህ ቅደም ተከተል አንብቡ

ስም ወይም ቁጥር ከተሰጠው በኋላ፣ ካርታውን ከማየታችሁ በፊት ጽሑፉን አንብቡ።

1. የማዕበሉ ማዕከል የት ነው? ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን ደብተር ላይ ጻፉ፤ ካርታው ላይ ነጥብ አድርጉና ሰዓቱን አጠገቡ አስፍሩ።
2. ወዴትና በምን ፍጥነት ይሄዳል?
3. ነፋሱ ምን ያህል ይደርሳል? በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ትሮፒካል ስቶርም፣ 119 ሲደርስ ሃሪኬን ይባላል። ከ252 በላይ ምድብ 5 ነው።
4. የትሮፒካል ስቶርም ነፋስ ከማዕከሉ ስንት ኪሎ ሜትር ድረስ ይዘረጋል? ሰው የሚዘለው ይህን ቁጥር ነው፤ ከሁሉም የሚያስፈልጋችሁ ግን እሱ ነው።
5. ለደሴታችሁ ዎች (የቅድሚያ ማሳሰቢያ) ወይም ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ) ወጥቷል?

ከዚያ ትንበያውን የሠራው ባለሙያ ሐሳቡን የሚጽፍበትን የትንበያ ውይይት የሚባለውን ጽሑፍ አንብቡ። ሞዴሎቹ ተስማምተዋል ወይስ ተለያይተዋል? ባለሙያው በመንገዱ ላይ ያለው እምነት ዝቅተኛ ነው ብሎ ከጻፈ፣ ካርታው ምንም ያህል ቢያምር ማለት የፈለገው «አላውቅም» ነው።

አሁን ኮን የሚባለውን ሾጣጣ ካርታ ክፈቱ። ሦስት ነገር ልብ በሉ።

ሾጣጣው የማዕበሉን ስፋት አያሳይም፤ ማዕከሉ ሊያልፍ የሚችልበትን ቦታ ብቻ ነው የሚያሳየው። ከሾጣጣው ውጭ ሆናችሁ ጣሪያችሁ ሊነሳ ይችላል።

የሚሠራው ካለፉት አምስት ዓመታት የትንበያ ስህተቶች ተነስቶ ነው። ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ማዕከሉ ውስጡ ይገኛል፤ አንዱን ጊዜ ገደማ ይወጣል።

ሦስተኛ፣ ርቀቱ። የሾጣጣው ግማሽ ስፋት ለአንድ ቀን ትንበያ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለሦስት ቀን 185 ገደማ፣ ለአምስት ቀን ደግሞ ከ370 በላይ ነው። አንቲጓን ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው በመኪና ለመሻገር አንድ ሰዓት አይፈጅም። የአምስት ቀን መስመር ደሴታችሁን «በትክክል» ነካ ወይም ሳተ ማለት ትርጉም የለውም።

ካርታው እምቢ ካለ፦ በማዕበል ሰሞን ድረ ገጾች ይጨናነቃሉ። ጽሑፉ ብቻ ያለበትን ገጽ ክፈቱ፤ በደካማ ኔትወርክም ይከፈታል። እሱም ካልሆነ ደሴቱ ውጭ ያለ ወዳጅ አምስቱን መልሶች በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይላክላችሁ።

ደረጃ 5፦ የነፋሱን መድረሻ ሰዓት አስሉ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። ሌላው ሁሉ ለዚህ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። አንቲጓ ናችሁ፤ 17.1 ሰሜን፣ 61.8 ምዕራብ ገደማ። የንጋት 5 ሰዓቱ መግለጫ ማዕከሉ 16.9 ሰሜን፣ 55.0 ምዕራብ ላይ ነው ይላል። ወደ ምዕራብ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የትሮፒካል ስቶርም ነፋሱ እስከ 220 ኪሎ ሜትር ይዘረጋል።

1. ኬንትሮሶቹን ቀንሱ፦ 61.8 ሲቀነስ 55.0፣ 6.8 ዲግሪ።
2. ወደ ኪሎ ሜትር ቀይሩ። በእነዚህ ደሴቶች አካባቢ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ 106 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ነው። 6.8 በ106 ሲባዛ 720 ገደማ ይሆናል።
3. ለፍጥነቱ አካፍሉ፦ 720 ለ24፣ 30 ሰዓት። ማዕከሉ የሚደርሰው ያኔ ነው።
4. የነፋሱን ስፋትም ለፍጥነቱ አካፍሉ፦ 220 ለ24፣ 9 ሰዓት ገደማ።
5. ቀንሱ፦ 30 ሲቀነስ 9፣ 21 ሰዓት።

ስለዚህ ነፋሱ የሚጀምረው ለነገ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው፤ በፈረንጅ ከሌሊቱ 2። ግን 21 ሰዓት አለኝ አትበሉ። ፀሐይ ዛሬ አመሻሽ ላይ ትጠልቃለች። መስኮት ላይ እንጨት የምትመቱበት፣ ጀልባ የምታስሩበት፣ ነዳጅ የምትቀዱበት የቀን ብርሃን 12 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ደብተራችሁ ላይ «ዛሬ ከመምሸቱ በፊት» ብላችሁ ጻፉና አስምሩበት።

አሁን ፍጥነቱን ለውጡና እዩ። ማዕበሉ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር መሄድ ከጀመረ ያው 21 ሰዓት ወደ 15 ተኩል ይወርዳል። መንገዱ ንክች ሳይል አምስት ሰዓት ተኩል አጣችሁ።

ሒሳቡ ካስቸገራችሁ የማያሚው ማዕከል የነፋስ መድረሻ ሰዓት የሚያሳይ ካርታ አለው። ሁለት ዓይነት ነው፤ «ሊሆን የሚችለው» እና «ቢፈጥን»። ሁለተኛውን ውሰዱ። እሱ ነፋሱ ከዚያ ቀድሞ የመድረስ ዕድሉ ከአሥር አንድ ብቻ የሆነበት ሰዓት ነው።

መግለጫው በማይል ወይም በኖት ከሆነ፦ ማይሉን በ1.6፣ ኖቱንና የባሕር ማይሉን በ1.85 አባዙ። ሁለቱን ቀላቅላችሁ አታስሉ።

ደረጃ 6፦ መንገዱ ሲቀያየር አትከተሉት፣ መዝግቡት

ደብተራችሁ ላይ ለእያንዳንዱ መግለጫ አንድ መስመር ያዙ፦ ሰዓት፣ ማዕከሉ ያለበት፣ አቅጣጫና ፍጥነት፣ ደሴታችሁን በስንት ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ በሰሜን ነው በደቡብ፣ ነፋሱ የሚደርስበት ሰዓት። ከዚያ አንድ መግለጫ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። የመጨረሻዎቹን አራት፣ ማለትም የአንድ ሙሉ ቀን ለውጥ፣ ጎን ለጎን እዩ።

መስመሩ አንዴ ወደ ሰሜን አንዴ ወደ ደቡብ ከዋዠቀ፣ ምንም አልተለወጠም። ዝግጅታችሁን ቀጥሉ። አራቱም ወደ እናንተ እየተጠጉ ከሆነ ግን አምስተኛውን አትጠብቁ፤ ዛሬ እንደሚመታችሁ ቆጥራችሁ ተንቀሳቀሱ። አራቱም እየራቁ ከሆነ ዝግጅቱን አትፍቱ፤ አዲስ ገንዘብ ማውጣት ብቻ አቁሙ።

አንዳንዴ ደግሞ መስመሩ ድንገት ይዘላል። በ2019 ዶሪያን እንዲያ አደረገ። ትንበያው መጀመሪያ ይጠቁም የነበረው ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክና ወደ ፖርቶ ሪኮ ምዕራባዊ ጫፍ ነበር። ማዕበሉ ትንንሾቹን ደሴቶች እያለፈ ሳለ ማዕከሉ ከነበረበት ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ እንደገና ተሠራ። ኦገስት 28 ሃሪኬን ሆኖ ያለፈው በቨርጂን ደሴቶች ላይ ነው። ደካማ ማዕበል ከጠንካራው ይልቅ እንዲህ ለመዝለል ይቀናዋል፤ ስለዚህ «ገና ትሮፒካል ስቶርም ነው» የሚለው ማጽናኛ አይሆንም።

መንገድ ብቻ አይደለም የሚቀየረው። ማሪያ በሴፕቴምበር 17 ቀን 2017 ገና ሃሪኬን ሆነ። በማግስቱ ማታ የዶሚኒካ ደሴትን ሲመታ ምድብ 5 ነበር። ስለዚህ ከተተነበየው ቢያንስ አንድ ምድብ ጨምራችሁ ተዘጋጁ። ብዙ ልምድ ያላቸው የደሴት ሰዎች የሚያደርጉት ይህንን ነው፤ እኔም የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

የትኛው ጎን እንደሚያልፍም ጻፉ። ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሃሪኬን በቀኙ፣ ማለትም በሰሜን በኩል፣ ይበረታል። ስለዚህ «በደቡባችን ያልፋል» መልካም ዜና አይደለም፤ ኃይለኛው ጎን የእናንተ ሆነ ማለት ነው።

ሁሉም ከምሥራቅ ይመጣል ብላችሁም አትደምድሙ። በኖቬምበር 1999 ሌኒ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው የሄደው። ማዕበሉ የመታው፣ ሰው ሁሉ የተጠለለ ነው ብሎ ጀልባውን የሚያስርበትን የምዕራብ ጠረፍ ነበር።

አትሳሳቱ፦ የሳተላይት ምስል ላይ ዓይኑ፣ ማለትም መሃሉ ላይ ያለው ጸጥ ያለ ክብ፣ ለአንድ ሰዓት ወደ ጎን ቢያዘነብል «ዞረ» አትበሉ። ሃሪኬን እየተወላገደ ነው የሚሄደው። ቢያንስ የስድስት ሰዓት እንቅስቃሴ አይታችሁ ነው አቅጣጫ የምትናገሩት።

ደረጃ 7፦ ዎች እና ዋርኒንግ

ዎች የሚወጣው ነፋሱ ይደርሳል ከተባለበት 48 ሰዓት ገደማ በፊት፣ ዋርኒንግ ደግሞ 36 ሰዓት ገደማ በፊት ነው።

ዎች እንደወጣ የመሄድ ወይም የመቆየት ውሳኔያችሁን ጨርሱ። የምትሄዱ ከሆነ የዚያኑ ዕለት ሂዱ፤ አየር ማረፊያው የሚዘጋው ነፋሱ ሲደርስ ሳይሆን አስቀድሞ ነው። ዋርኒንግ ሲወጣ ከመከታተል ወደ ሥራ ዙሩ። ባሕር ዳር፣ ጎርፍ የሚወርድበት ሸለቆ ወይም ኮረብታ አናት ላይ ያለ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ወደ መጠለያ የምትሄዱት ያኔ ነው። አናት ላይ ነፋሱ ከታች ካለው ይበረታል።

ደረጃ 8፦ ኔትወርክ ሲጠፋ

ይጠፋል። ማሪያ የፖርቶ ሪኮን የአየር ሁኔታ ራዳር ሳይቀር ነው የነቀለው። ከዚህ በኋላ ያላችሁ ሬዲዮ፣ ባሮሜትርና የነፋሱ አቅጣጫ ነው። የነፋሱን አቅጣጫ ለማወቅ ውጭ አትውጡ፤ በተጠለለው ጎን በኩል ዛፍ ወይም ዝናቡ የሚነፍስበትን እዩ።

1. ግፊቱን በየሰዓቱ መዝግቡ። ሐሩር አገር ላይ ግፊት ያለ ማዕበልም በቀን ሁለት ጊዜ ይወርዳል፤ በፈረንጅ ከጠዋቱና ከሰዓት በኋላ 4 አካባቢ። ስለዚህ ከአንድ ሰዓት በፊት ከነበረው ሳይሆን ከትናንት ተመሳሳይ ሰዓት ጋር አወዳድሩ። በ3 ሚሊባር ከወረደ ተጠንቀቁ። ከ5 በላይ ከወረደ ማዕበሉ ቅርብ ነው።
2. ፊታችሁን ነፋሱ ወደሚመጣበት አዙራችሁ አስቡ። ማዕከሉ በቀኛችሁ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ነው።
3. የነፋሱን አዟዟር ተከታተሉ። ከምሥራቅ ለሚመጣ ማዕበል ነፋሱ ከሰሜን ጀምሮ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ከዞረ በሰሜናችሁ እያለፈ ነው። ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ከዞረ በደቡባችሁ ነው። አቅጣጫው ሳይለወጥ እየበረታ ግፊቱም እየወረደ ከሄደ በቀጥታ ወደ እናንተ እየመጣ ነው። በጣም ጠንካራ ወደሆነው መስኮት የሌለው ክፍል ግቡ።

ድንገት ጸጥ ካለ፦ ዓይኑ ውስጥ ናችሁ። አትውጡ። ነፋሱ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በአንዴ ነው የሚመለሰው። ቶሎ በመሮጥ የሚጠገን ነገር የለም፤ በር ከተከፈተ እንኳ ከክፍላችሁ ሳትርቁ ዝጉት።

ደረጃ 9፦ ካለፈ በኋላ ሬዲዮውን አትዝጉ

ሴፕቴምበር 6 ቀን 2017 ኢርማ ባርቡዳን በምድብ 5 መታው። ሰዉ ፍርስራሹን ገና ሳያነሳ ሆዜ የሚባል ሌላ ሃሪኬን ከኋላው መጣ፤ የባርቡዳ ነዋሪዎች በሙሉ ወደ አንቲጓ ተወሰዱ። ሆዜ በስተ ሰሜን አለፈ። ያኔም ቢሆን መልቀቁ ትክክል ነበር፤ ጣሪያ በሌለበት ደሴት ላይ ደካማ ማዕበልም ይገድላል። ስለዚህ አንደኛው ባለፈ ቀን ከባሕሩ ማዶ ሌላ ስም እንዳለ በሬዲዮ አረጋግጡ፤ ካለ አዲስ ገጽ ገልጣችሁ ከደረጃ 4 ጀምሩ።

ለቤተሰብ የምትልኩት አጭር የጽሑፍ መልእክት ይሁን። ስልክ መደወል መስመሩን ያጨናንቃል፣ ባትሪም ይበላል። «ደህና ነን፣ እዚህ ነን፣ ቀጣይ መልእክት ነገ በፈረንጅ 5 አመሻሽ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ መልስ ቢዘገይ ደጋግማችሁ አትደውሉ። ከደሴቱ ውጭ ያለ አንድ ሰው መረጃ ሰብሳቢ ይሁን፤ ሌላው ሁሉ እሱን ይጠይቅ።